ደብዳቤና መልሱ

ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቼ የደብዳቤ አጻጻፍ ሳስተምር በሰሌዳው ላይ አንድ ፖስታ ሣልሁና በስተ ቀኝ ከላይ በኩል ባዶ የተተወው ቦታ የምን እንደ ሆነ ጠየቅሁ። አንዱ «የማኅተም ነው» አለ፤ ሌላው «የጉርድ ፎቶግራፍ ነው» አለ፤ ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ ብቻ ቀስ ብላ «ቴምብር» ስትል መለሰች። ከየት እንዳወቀችው ብጠይቃት፥ አያቷ ድሮ ከመጣላቸው ደብዳቤ ላይ የላጡትን ቴምብር በሣንዱቃቸው ክዳን ላይ ለጥፈውት እንዳየች ነገረችኝ። ልጆቹን አልነቅፋቸውም። የዛሬ ልጅ ወሬውን የሚልከው በስልክ ነው፤ በፖስታ የሚመጣ ነገር ቢኖር የመሥሪያ ቤት ወረቀት ነው። ነገር ግን ውድ አንባብያን፥ በደብረ ታቦር ተቀምጦ ስለ ደብዳቤ አለመጨዋወት ነውር ይመስለኛል፤ ምክንያቱም በአገራችን ታሪክ ከሁሉ ይልቅ ብዙ ደም ያስከተለው ደብዳቤ የሚነካው ይህችን ከተማ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ለእንግሊዟ ንግሥት ለቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፉ። የደብዳቤው ጉዳይ ወዳጅነት ነበር፤ መልእክተኞች ልላክ፥ በመንገድ ላይ ቱርኮች ስላሉ ሰዎቼ በደኅና እንዲያልፉ ይደረግልኝ የሚል ነው። ደብዳቤውን የተቀበለው የእንግሊዙ ቆንስል ካሜሮን ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ቆንስሉ ራሱ ይዞት ወደ ባሕር ይወርዳል ብለው ተማምነው ሳለ፥ እርሱ ግን ደብዳቤውን ወደ ምጽዋ በሰው ልኮ የራሱን ጉዞ ወደ ቦጎስና ወደ ሱዳን ጠረፍ አደረገ። ደብዳቤው በተራራና በበረሃ፥ ከዚያም በመርከብ ተጉዞ በየካቲት 1855 ዓ.ም. ሎንዶን ገባ። አራት ወር እንኳ አልሞላውም። በዚያ ዘመን ከበጌምድር እስከ ሎንዶን ይህ ፍጥነት የሚያስመሰግን ነው። መንገዱም፥ እግረኛውም፥ መርከቡም የየድርሻቸውን ሠርተዋል።

ችግሩ የመጣው ከደረሰ በኋላ ነው። የሎንዶን የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ደብዳቤውን ለህንድ ጉዳይ መሥሪያ ቤት አስተላለፈው፤ በዚያም ያለ መልስ ተቀመጠ። ካሜሮን ባዶ እጁን ተመለሰ። ዐፄ ቴዎድሮስም ወር ቆጠሩ፥ ዓመት ቆጠሩ፤ በመጨረሻ በታኅሣሥ 1856 ዓ.ም. ቆንስሉን አሰሩት። የመታሰሩ ወሬ ሎንዶን ሲደርስ የተረሳው ደብዳቤ ተፈለገ፤ የንግሥቲቱ መልስ በግንቦት 1856 ተጻፈ፤ መልሱን የያዘው ሆርሙዝድ ራሳም በዚያው ክረምት ምጽዋ ደርሶ ለመግባት ፈቃድ ሲጠብቅ ከአንድ ዓመት በላይ ተቀመጠ። ከንጉሠ ነገሥቱ ፊት የቀረበው በጥር 1858 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ቁጠሩት፤ ደብዳቤው ከተጻፈ 3 ዓመት ከ3 ወር ሆኖታል።

ከዚህ በኋላ የሆነውን የኛ አገር ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ከደብረ ታቦር ጥቂት ራቅ ብሎ በሚገኘው በጋፋት የውጭ አገር የእጅ ባለሙያዎች መድፍ ያቀልጡ ነበር፤ ከመካከላቸውም ሴባስቶፖል የተባለው ትልቁ ነው። በ1858 እስረኞቹ ለጥቂት ጊዜ በጋፋትና በደብረ ታቦር ከቆዩ በኋላ ወደ መቅደላ ተወሰዱ። በጥቅምት 1860 ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፥ መድፋቸውን በሰው ጉልበት እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ተጓዙ። እንግሊዞችም ከ13 ሺህ የማያንስ ወታደርና ከህንድ ያመጡትን ዝሆን አሰልፈው መጡ፤ ዘመቻው 9 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል እንደ ፈጀ ይነገራል። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በገዛ እጃቸው ሞቱ። የታሪክ ሰዎች ለጦርነቱ ሌላም ሌላም ምክንያት ይደረድራሉ፤ እውነትም አለው። ነገር ግን የአንዲት ገጽ ወረቀት መልስ በጊዜው ተጽፎ ቢሆን ኖሮ የደብረ ታቦር ቤቶች በዚያ ጥቅምት ባልነደዱም ነበር ብዬ ብናገር የሚከራከረኝ ብዙ ሰው የሚገኝ አይመስለኝም።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ሌላ ነገር ነው። በዚያው በሎንዶን፥ በዚያው ዘመን፥ የአንዲት የቤት ሠራተኛ ደብዳቤ በሳምንት ውስጥ ሄዶ መልስ ይዞ ይመለስ ነበር። ይህም የሆነው ሮውላንድ ሂል በተባለ ሰው አሳብ ነው። ቀድሞ በእንግሊዝ አገር የደብዳቤ ዋጋ የሚከፍለው ተቀባዩ ሲሆን፥ ዋጋውም በመንገዱ ርቀትና በወረቀቱ ብዛት ይቆጠር ስለ ነበር ድኻ ደብዳቤ ሲመጣለት ይደነግጥ ነበር እንጂ ደስ አይለውም ነበር። በ1832 ዓ.ም. ግን ላኪው አስቀድሞ አንድ ፔኒ ከፍሎ ትንሽ ቴምብር ይለጥፋል፤ ከዚያ በኋላ ደብዳቤው ለጎረቤት መንደርም ይሁን ለሩቅ አውራጃ፥ የጌታም ይሁን የሎሌ፥ ዋጋው አንድ ነው ተባለ። የፖስታ ቁም ነገሩ ይኸው ነው። ወረቀት ማመላለስማ ከጥንት ጀምሮ ነበረ፤ በኛም አገር የንጉሥ መልእክተኛ ደብዳቤውን በተሰነጠቀ በትር ጫፍ ላይ ሰክቶ፥ ሰው ሁሉ እያየው፥ አገር ለአገር ይሮጥ ነበር። አዲሱ ነገር ባለ ሥልጣን ሳያውቁ፥ ደጅ ሳይጠኑ፥ በትንሽ ገንዘብ የመንግሥትን ቃል መግዛት መቻሉ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ያን ያህል ኀይል ይዘው ያጡት ይህንኑ ነው። የርሳቸው ደብዳቤ የተንጠለጠለው በአንድ ቆንስል ፈቃድና በአንድ ጸሐፊ ትጋት ላይ ነበር።

ይህ ቃል ወደ አገራችን የገባው በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው። መጋቢት 1 ቀን 1886 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ የፖስታ አገልግሎት እንዲቋቋም ዐወጁ። የሚያስገርመው፥ ለአልፍሬድ ኢልግ የምድር ባቡር ለመሥራት ፈቃድ የተሰጠውም በዚያው ቀን ነው፤ ደብዳቤና መንገድ መንታ ሆነው መወለዳቸው ነው። የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች በፓሪስ ታተሙ፤ ሰባት ዓይነት ነበሩ፤ ከሩብ ግርሽ እስከ 16 ግርሽ። በአራቱ የንጉሠ ነገሥቱ መልክ፥ በሦስቱ ደግሞ ዘውድ የጫነው አንበሳ ታተመባቸው። መልኩን የቀረጸው ኤዤን ሙሾን የተባለ ፈረንሳዊ ነው።

የአማርኛ መምህር ስለ ሆንሁ አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። በ1890ዎቹ አጋማሽ በእነዚህ ቴምብሮች ላይ በፊደላችን ቃል ይታተምባቸው ጀመር። መጀመሪያ የታተመው «ቦስታ» የሚል ነው፤ ባዕዱን ቃል በኛ አፍ እንደ ተሰማ መጻፍ ነው። በማግሥቱ ዓመት ግን «መልክት» የሚል ታተመ። አገሩ ለአዲሱ ነገር የራሱን ቃል ሲፈልግ በዓይን የሚታይበት ይህን የመሰለ ምስክር ሌላ ቦታ አላየሁም። በመጨረሻ ያሸነፈው እንግዳው ቃል ነው፤ «ቦ» ወደ «ፖ» ተለወጠና እነሆ ፖስታ እንላለን።

ነገር ግን ያ ውብ ቴምብር ከአገር ሲወጣ ዋጋ አልነበረውም። ኢትዮጵያ ገና የዓለም የፖስታ ማኅበር አባል ስላልነበረች፥ ከእንጦጦ ወይም ከሐረር ወደ ባሕር ማዶ የሚሄድ ደብዳቤ በኛ ቴምብር እስከ ጠረፍ ይሄድና ከዚያ ወዲያ የሚያልፈው የጅቡቲው የፈረንሳይ ቴምብር ሲጨመርበት ነበር። አንድ ፖስታ ላይ ሁለት መንግሥት! ዛሬ ቴምብር ሰብሳቢዎች እንዲህ ያለውን ፖስታ በብዙ ገንዘብ ይፈልጉታል፤ ለዚያ ዘመን ሰው ግን ሁለት ጊዜ መክፈል ነበር፤ ለመንግሥቱም ቢሆን የራሱ ማኅተም ከበሩ ወዲያ የማይታወቅ መሆኑን የሚያስታውስ እሾህ ነበር። ማኅበሩ በ1867 ዓ.ም. በስዊስ ከተማ በቤርን የተመሠረተ ሲሆን፥ ሕጉ የአባል አገሮች ምድር ለደብዳቤ እንደ አንድ ምድር ይቆጠር የሚል ነው። አንዱ አገር የሌላውን ደብዳቤ ተቀብሎ ያደርሳል፤ እርሱም የራሱን ይልካል። ኢትዮጵያ በጥቅምት 1901 ዓ.ም. በዚህ ማኅበር ገባች። ወደ መንግሥታት ማኅበር የገባነው በ1916 መሆኑን ላስታወሰ ሰው፥ ፖስታችን ከዲፕሎማቶቻችን 15 ዓመት ቀድሞ ዓለምን ተቀላቀለ ማለት ነው።

ይኸው የዓለም የፖስታ ማኅበር በ1898 ዓ.ም. በሮማ ባደረገው ጉባዔ አንድ ብልህ ነገር ፈቅዶ ነበር። ላኪው በሌላ አገር ላለው ወዳጁ «የመልስ ኩፖን» ገዝቶ በፖስታው ውስጥ ያኖርለታል፤ ወዳጁም ኩፖኑን በገዛ አገሩ ፖስታ ቤት በቴምብር ይለውጥና መልሱን ይልካል። ደብዳቤ ያለ መልስ ግማሽ ነገር መሆኑን ያ ጉባዔ ተረድቶት ነበር።

ወደ ደጋችን ልመለስ። ባቡሩ በ1895 ድሬዳዋ ደረሰ፤ በኋላም አዲስ አበባ ገባ፤ ለበጌምድር ግን ባቡርም አልመጣለት፥ መንገዱም እንደ ጥንቱ የበቅሎና የእግር ሆኖ ቆየ። ከሰማይ የመጣለት ወረቀት ግን አለ። በነሐሴ 1921 ዓ.ም. የመንግሥት የመጀመሪያው አውሮፕላን አዲስ አበባ ሲያርፍ ለመታሰቢያው የአየር ፖስታ ቴምብር ታትሞ ነበር። ሰባት ወር ቆይቶ፥ በመጋቢት 1922፥ በደብረ ታቦር ተቀምጠው በጌምድርን ያስተዳድሩ የነበሩት ራስ ጉግሣ ወሌ ከአልጋ ወራሹ ከንጉሥ ተፈሪ ጦር ጋር ሲሰለፉ፥ አውሮፕላኖች በሠራዊታቸው ላይ የጳጳሳቱን የግዝት ቃል የያዘ ወረቀት በተኑ። ከዚያም መጋቢት 22 ቀን በአንቺም በተደረገው ውጊያ ላይ ቦምብ ጣሉ፤ ራስ ጉግሣም በዚያ ወደቁ። ለዚህ ደጋ የመጀመሪያው የአየር ፖስታ ይህ ነበር ብል ቀልድ ይመስላል፤ ግን ከእውነት የራቀ አይደለም። ላኪው የታወቀ፥ ተቀባዩ ሕዝብ፥ መልስ የማይጠይቅ ደብዳቤ።

የጠላትን ዘመን በአጭሩ ልለፈው። በአምስቱ ዓመት የኢጣልያ ንጉሥ መልክ የታተመበት ቴምብር በአገራችን ፖስታ ቤት ተሸጠ፤ ነጻነት ሲመለስ በ1934 የኢትዮጵያ ቴምብር እንደገና ወጣ። ቴምብር ትንሽ ወረቀት ናት፤ ሆኖም አገር የያዘ ሁሉ አስቀድሞ የሚለውጣት እርሷን ነው።

ለደቡብ ጎንደር ትልቁ ለውጥ የመጣው በመንገድ ነው። ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር፥ በክምር ድንጋይና በነፋስ መውጫ አድርጎ ጋሸናን አልፎ ወልዲያ የሚወርደውን 300 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በደርግ ዘመን ቻይናውያን ሠሩት፤ አገሬው ዛሬም «የቻይና መንገድ» ይለዋል። ከጉና ተራራ ሥር፥ ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከዚያ ብርዳም ግርጌ፥ የፖስታ ከረጢት በአውቶቡስ ማለፍ ቻለ። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ግን፥ ወደ ስማዳ ገደል፥ ወደ እብናት ቆላ፥ ወደ ፋርጣ መንደሮች፥ ደብዳቤው እንደ ቀድሞው በሰው እጅ ነው።

እዚህ ላይ ነው የዛሬው ጨዋታዬ ዋና ነገር። በአገራችን ፖስታ ከጥንት ጀምሮ ወደ ሣጥን እንጂ ወደ ቤት መግባት አለመደም። ሣጥን ያለው ደግሞ መሥሪያ ቤት፥ ነጋዴና የከተማ ሰው ነው። ገበሬው አድራሻ የለውም፤ ያለው «በኩል» ነው። በእገሌ ትምህርት ቤት በኩል፥ በእገሌ ሱቅ በኩል፥ በደብሩ አለቃ በኩል። ሬኮማንዴ የሚባለውን ደብዳቤ «የአደራ ደብዳቤ» ብለን መሰየማችን ደስ ይለኛል፤ ምክንያቱም ከፖስታ በፊት የነበረው ሥርዓታችን አደራ ነው፤ ዛሬም ከከተማው ወዲያ ያለው አደራ ነው። ልዩነቱ፥ ፖስታ ቤት አደራውን ሲቀበል ያስፈርማል፤ ባለ ሱቁና ባለ ትምህርት ቤቱ ግን ያለ ፊርማ፥ ያለ ደመወዝ፥ በደግነት ብቻ ይሠራሉ። ደግነት ደግሞ በክረምት ይዘጋል።

ይህን የምለው ያለ ነገር አይደለም። ባለፈው መስከረም አንዲት ባልቴት፥ ባላቸው የሞተባቸው፥ ከከተማው የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ርቀው የሚኖሩ፥ ወረቀት እንዳነብላቸው ወደኔ መጡ። ለአንድ መሥሪያ ቤት ስለ ጡረታ ያመለከቱት ማመልከቻ መልስ ነበር። አንድ የጎደለ ማስረጃ በ30 ቀን ውስጥ እንዲያቀርቡ ይላል። የተጻፈው በሰኔ ነው። ደብዳቤው በአንድ ትምህርት ቤት ሣጥን በኩል ስለ ተላከ፥ ትምህርት ቤቱም ስለ ተዘጋ፥ ክረምቱን በሙሉ በሣጥኑ ውስጥ ከርሟል።

«እንግዲህ ልጄ፥ መልስ መጣ ማለት ነው?» አሉኝ።

«አዎን እማማ፥ መልሱስ መጥቷል፤ ቀኑ ግን አልፏል» አልኋቸው።

ጥቂት ዝም አሉና፥ «ከሰኔ ጀምሮ እዚሁ ከተማ ከነበረ፥ እኔ በየገበያው ቀን በበሩ ሳልፍ ምነው አንድ ሰው ሳይጠራኝ?» አሉ።

ለዚህ የምሰጣቸው መልስ አልነበረኝም። ማንን እንውቀስ? ጸሐፊው ጽፏል፤ ፖስታ ቤቱ በተጻፈው ሣጥን አኑሯል፤ ትምህርት ቤቱ እንደ ደንቡ ዘግቷል። ሁሉም የየሥራውን ሠርቶ፥ ደብዳቤው ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል መጥቶ፥ የመጨረሻዎቹን ጥቂት ኪሎ ሜትሮች መሄድ አቃተው። የዐፄ ቴዎድሮስ ደብዳቤ ደርሶ መልስ አጣ፤ የባልቴቲቱ ደግሞ መልስ አግኝቶ ሳይደርስ ቀረ። አዲስ ማመልከቻ ጻፍንና የፖስታውን ቀን ማስረጃ አድርገን ላክነው፤ ጉዳዩ ገና በመታየት ላይ ነው።

«ዛሬ ስልክ አለ፥ ምን ደብዳቤ ያስፈልጋል?» የሚል አንባቢ ይኖራል። በ2015 ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፥ መቋረጡም ለብዙ ወራት ሲቆይ፥ እዚህ የነበረ ሰው ይህን አይልም። ያን ጊዜ መናኸሪያ ቆሜ ሰዎች የታጠፈ ወረቀት ለሹፌርና ለረዳት ሲሰጡ፥ «አደራ ወንድሜ፥ ከእጁ አድርስልኝ» ሲሉ በዓይኔ አይቻለሁ። የባንክ ደብተር የማይከፈተው፥ የፍርድ ቤት መጥሪያ የማይጸናው፥ የጡረታ መብት የማይጠበቀውም እስከ ዛሬ በወረቀት ነው። ስልክ የወሬ ነው፤ ማኅተም ያለበት ነገር ግን ገና በእግሩ ይሄዳል።

ምን ይደረግ? በየመንደሩ ፖስተኛ ይቀጠር የሚል ሕልም አላልምም፤ ወጪው ይታወቃል። ነገር ግን ገንዘብ የማይጠይቅ ነገር አለ። ፖስታ ቤትም ሆነ ሣጥን የሚያውስ ትምህርት ቤት በገበያ ቀን ጠዋት ደብዳቤ የመጣላቸውን ሰዎች ስም በአንድ ወረቀት ጽፎ በበሩ ላይ ቢለጥፍ፥ ማንበብ የሚችል ልጅ በየመንደሩ ስለማይጠፋ፥ ወሬው ማታውኑ ጉና ሥር ይደርሳል። የፈተና ውጤት በሰሌዳ ሲለጠፍ ስንት ሰው እንደሚሰበሰብ እናውቃለን። ትምህርት ቤቶችም ክረምት ሲገባ የሣጥኑን ቁልፍ ለዘበኛው ወይም ለቀበሌው ቢተዉ ምንም አይጎድልባቸውም። መሥሪያ ቤቶችም «በ30 ቀን ውስጥ» ሲሉ፥ ቀኑ የሚቆጠረው ደብዳቤው ከተጻፈበት ሳይሆን ባለጉዳዩ ፈርሞ ከተቀበለበት ቢሆን ፍትሕ ነው።

እስከዚያው ድረስ በገጠር ዘመድ ላላችሁ፥ ወይም በቢሮ ተቀምጣችሁ ለገጠር ሰው ለምትጽፉ፥ ይህን ልንገራችሁ። በፖስታው ላይ የተቀባዩን ስም ከነአባቱና ከነአያቱ፥ ወረዳውንና ቀበሌውን፥ ከተቻለም የጎጡን ስም ጻፉ፤ በአንድ ቀበሌ ስንት ሞላ፥ ስንት ውዴ እንዳለ እዚህ ያለ ሰው ያውቃል። ከሥሩ የተቀባዩን ወይም የቅርብ ጎረቤቱን የስልክ ቁጥር ጨምሩ፤ ሣጥኑን የሚከፍተው ሰው ደውሎ ይነግረዋል። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ በትምህርት ቤት በኩል አትላኩ፤ በጤና ጣቢያ ወይም በቀበሌ ጽሕፈት ቤት በኩል አድርጉት። መልስ የምትፈልጉ ከሆነም ቴምብር የተለጠፈበትና የራሳችሁ አድራሻ የተጻፈበት ባዶ ፖስታ አጥፋችሁ በውስጡ አኑሩ።